ኪው፦ ከጭራ ተነስቶ ሰልፍ የሆነ ቃል

ለዛሬው የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርታችን የመረጥነው ቃል በካምፕ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ቢያውቅም ባያውቅም፣ በየቀኑ በእግሩ የሚያጠናው ቃል ነው። «ኪው» ይባላል። እኛ ሰልፍ ወይም ወረፋ የምንለው ማለት ነው። በውሃ ቦኖ፣ በራሽን ማከፋፈያ፣ በክሊኒክ በር፣ በምዝገባ ቢሮ መስኮት ሥር የምንቆመው ሁሉ ኪው ነው። እስቲ ዛሬ ቆመን የምንጠብቅበትን ይህን ቃል ቁጭ ብለን እንመርምረው።

አምስት ፊደል፣ አንድ ድምፅ

ቃሉ የሚጻፈው በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ነው፦ ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ። ሲነበብ ግን የሚሰማው የመጀመሪያው ፊደል ስም ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ፊደሎች ድምፅ የላቸውም። «አራቱ ከኋላ ተሰልፈው ተራቸውን እየጠበቁ ነው» የሚል የተለመደ ቀልድ አለ። ቀልዱ ለማስታወስ ስለሚረዳ መምህራን በክፍል ውስጥ ቢጠቀሙበት ጥሩ ነው። «ኩዌ» ወይም «ኩዌኢ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ካለ ይህን ቀልድ አንዴ ከሰማ በኋላ አይሳሳትም።

ታዲያ የማይነበቡ ፊደሎች ለምን ይጻፋሉ? መልሱ ቃሉ በመጣበት መንገድ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይኛ ሲሆን አጻጻፉንም እንዳለ አብሮ ወስዷል። አጻጻፉ የፈረንሳዮቹ ሆኖ ቀረ፤ አነባበቡ ግን የእንግሊዞቹ ሆነ። በፈረንሳይኛ አነባበቡ ወደ «ከ» የተጠጋ ነው። ጅቡቲ የኖረ ወይም ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ካለ ጠይቁት፤ ሰልፍ ለመያዝ «ፌር ላ ከ» እንደሚባል ይነግራችኋል። ቃል በቃል ሲተረጎም «ጭራ መሥራት» ነው።

ጭራ? አዎ፣ ጭራ!

የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም የእንስሳ ጭራ ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ሮማውያን ጭራን «ካውዳ» ይሉት ነበር፤ በአንዳንዱ አነጋገር ደግሞ «ኮዳ»። (ኮዳ ስንል ወታደር ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የውሃ መያዣ እንዳይመስላችሁ፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።) ከላቲን ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲገባ እያጠረ እያጠረ ሄዶ «ከ» ሆነ።

እንግሊዝኛ ውስጥም ቃሉ መጀመሪያ የታየው ሰልፍ ሆኖ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመሳፍንትና በነገሥታት አርማ ላይ የሚሳለውን የአንበሳ ጭራ ለመጥራት ይጠቀሙበት ነበር። በአርማ ሥዕል ጭራው ለሁለት የተከፈለ አንበሳ የተለመደ ነው። ዛሬም የቼክ ሪፐብሊክን አርማ ብታዩ ሁለት ጭራ ያለው ነጭ አንበሳ አለበት።

ከዚያ ቀጥሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ከአንበሳ ወደ ሰው ጭንቅላት ወጣ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ወንዶች፣ በተለይ ወታደሮችና መርከበኞች፣ ፀጉራቸውን አሳድገው ከኋላ አንድ ላይ ያስሩት ወይም ይጎነጉኑት ነበር። ጉንጉኑ ጀርባቸው ላይ እንደ ጭራ ስለሚንጠለጠል ኪው ተባለ።

በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ትርጉም በብዛት የምታገኙት ስለ ቻይና ስታነቡ ነው። የማንቹ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1644 ቤጂንግን ይዞ የቺንግ ሥርወ መንግሥትን በቻይና ላይ ካቋቋመ በኋላ፣ በ1645 የቻይና ወንዶች ሁሉ የፊት ፀጉራቸውን ተላጭተው የኋላውን እንደ ማንቹዎቹ እንዲጎነጉኑ ታዘዘ። እምቢ ያለ ይገደል ነበር። ጉንጉኑ የመገዛት ምልክት ሆኖ ከ250 ዓመት በላይ ቆየ። በ1911 አብዮት ተነስቶ በ1912 ሥርወ መንግሥቱ ሲያበቃ ብዙ ቻይናውያን ጉንጉናቸውን በመቀስ ቆረጡ። ስለዚህ ስለ ቻይና በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ «ኪውውን ቆረጠ» የሚል ብታገኙ ሰልፍ አቋረጠ ማለት አይደለም፤ ፀጉሩን ቆረጠ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ዘመዶች

አንድን ቃል ከነዘመዶቹ ማጥናት ጥሩ ልማድ ነው፤ አንድ ሥር ስትይዙ አራት ቅርንጫፍ ይመጣላችኋል።

ፑል የሚመታበት ረጅም ዘንግ በእንግሊዝኛ «ኪው» ይባላል። ሲነበብ ከኛ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን በሦስት ፊደል ብቻ ነው፦ ሲ፣ ዩ፣ ኢ። ይህም የመጣው ከዚያው ጭራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በተውኔት ላይ ለተዋናይ «አሁን ግባ» ብሎ ምልክት መስጠትም በተመሳሳይ ሦስት ፊደል ተጽፎ «ኪው» ይባላል። እነዚህን ከሰልፉ ኪው ጋር እንዳታምታቱ። ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ዓይን ነው።

በሙዚቃ ትምህርት የዜማ ማብቂያ ክፍል «ኮዳ» ይባላል። ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ ጭራ ነው። ፈሪ ማለት የሆነው «ካወርድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ውሻ ሲፈራ ጭራውን በእግሮቹ መሃል እንደሚሸጉጥ አይታችሁ የለ? ሐሳቡ ከዚያ የራቀ አይደለም።

ጭራው ሰልፍ የሆነው መቼ ነው?

ለዚህ ወደ ፓሪስ መሄድ አለብን። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲነሳ ከምክንያቶቹ አንዱ የዳቦ መወደድ ነበር። በአብዮቱ ዓመታት የፓሪስ ሰው፣ በተለይም ሴቶች፣ በዳቦ መጋገሪያዎች በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፉ ነበር። ከበሩ ጀምሮ እየቀጠነ በመንገዱ የሚጠማዘዘውን የሰው መስመር ፈረንሳዮች ጭራ አሉት።

ቶማስ ካርላይል የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ጸሐፊ በ1837 የፈረንሳይን አብዮት ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳተመ። እነዚያን የዳቦ ሰልፎች ሲተርክ የፈረንሳዮቹን ቃል እንዳለ ተጠቀመበት። ቃሉ የሰው ሰልፍ በሚለው ትርጉም እንግሊዝኛ ውስጥ ሲታይ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ ቃሉ በዚህ ትርጉሙ የተወለደው ዳቦ በጠፋበት ቦታ ነው። ሰልፍና እጥረት ከመጀመሪያውም አብረው ናቸው።

ዛሬ እንግሊዞች ሰልፍ በማክበር ይታወቃሉ። ልማዱን በጣም ካጠናከሩት ነገሮች አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራሽን ነው። በእንግሊዝ አገር ምግብ በራሽን መታደል የጀመረው በጥር 1940 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ያበቃው ጦርነቱ ካለቀ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሐምሌ 1954 ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝ እናቶች የራሽን ደብተራቸውን ይዘው ለሥጋ፣ ለስኳር፣ ለቅቤ ተሰልፈዋል። ዊንስተን ቸርችል በ1950 ለምርጫ ሲቀሰቅስ ተቃዋሚዎቹ የሚያመጡትን አገር «ኪውቶፒያ» ብሎ አሾፈበት። ኪውን «ዩቶፒያ» ከሚለው ቃል ጋር አጣብቆ የፈጠረው ነው፤ የሰልፍ ገነት እንደ ማለት። በኛም አገር በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለዘይት የተሰለፉ ወላጆቻችን ነገሩን በደንብ ያውቁታል። ራሽንና ሰልፍ የስደተኛ ብቻ ነገር አይደሉም።

አጠቃቀሙ፦ እንግሊዝና አሜሪካ

ኪው በዋናነት የእንግሊዞች ቃል ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበትም የእንግሊዞቹ ነው። አሜሪካኖች ለሰው ሰልፍ የሚመርጡት «ላይን» የሚለውን ነው። ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ፈተናው የእንግሊዝ ቢሆን፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው አሜሪካዊ ሊሆን ይችላልና።

«ጆይን ዘ ኪው» ማለት ሰልፉን ያዙ፣ ከኋላ ተሰለፉ ማለት ነው።
«ኪው አፕ» ግስ ነው፤ መሰለፍ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ «ላይን አፕ» ወይም «ስታንድ ኢን ላይን» ይላሉ።
«ጃምፕ ዘ ኪው» ማለት ሰልፍ ጥሶ መግባት ነው። አሜሪካኖቹ «ካት ኢን ላይን» ይሉታል።
«ዘ ባክ ኦፍ ዘ ኪው» የሰልፉ መጨረሻ፣ «ዘ ፍሮንት ኦፍ ዘ ኪው» የሰልፉ ፊት ነው።

ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ ስትለውጡ መጨረሻው ላይ ዲ የሚለውን ፊደል ብቻ ጨምሩ። «ኪውይንግ» ስትሉ ደግሞ ሁለት አጻጻፍ አለ፤ የመጨረሻዋን ኢ አስቀርቶ መጻፍም፣ ሳያስቀሩ መጻፍም ትክክል ነው። ሳታስቀሩ ከጻፋችሁ አምስት አናባቢዎች ሳይቋረጡ ይደረደራሉ፦ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ፣ አይ። እንዲህ ያለ ቃል በእንግሊዝኛ ብርቅ ነው።

ከአማርኛ ሲተረጎም የሚመጡ ስህተቶችም አሉ። «ሰልፍ» በአማርኛ ሰፊ ነው። ሰላማዊ ሰልፍ «ዴሞንስትሬሽን» ነው፤ የወታደር ሰልፍ «ፓሬድ» ነው፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የተማሪው ሰልፍ «አሴምብሊ» ነው። አንዳቸውም ኪው አይደሉም። ኪው የሚባለው አንድ ነገር ለማግኘት ተራ የሚጠበቅበት ሰልፍ ብቻ ነው። «ወረፋዬ ደረሰ» ለማለትም «ማይ ኪው» አይባልም፤ «ኢት ኢዝ ማይ ተርን» ነው የሚባለው። ወረፋ የአንድ ሰው ድርሻ ነው፤ ኪው ግን የሁሉም ነው።

ጎረቤቶቻችን ምን ይሉታል?

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። «ሰልፍ» የግዕዝ ቃል ነው፤ በግዕዝ ትርጉሙ ውጊያ፣ ጦርነት ነው። ለጦርነት ሰው በረድፍ ስለሚቆም መደርደሩም ሰልፍ ተባለ። ዛሬም «ከእገሌ ጎን ተሰለፈ» ስንል የጦርነቱ ሽታ አለበት። በአረብኛ ሰልፍ «ጣቡር» ይባላል፤ ከቱርክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በቱርክኛ ሻለቃ ጦር ማለት ነው። በስዋሂሊ «ፎሌኒ» ይባላል፤ ይህም የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ወታደሮቹን ለማሰለፍ የሚጮኸው «ፎል ኢን!» የሚለው ትእዛዝ ነው። አያችሁ? ሦስቱም ከጦር ሰፈር የወጡ ናቸው።

በሶማሊኛ «ሳፍ» ሲሆን ረድፍ ከሚለው የአረብኛ ቃል ነው። በትግርኛ «መስርዕ» ይባላል፤ ኤርትራውያን ከጣሊያንኛ የወረሱትን «ሪጋ»ም ይጠቀማሉ፤ መስመር ማለት ነው። ስፓኛውያን እንደ ፈረንሳዮቹ ጭራ ይሉታል፤ ጀርመኖች ደግሞ እባብ ይሉታል። መምህራን፣ ክፍላችሁ ውስጥ የአራት የአምስት አገር ልጆች ካሉ እያንዳንዱ በቋንቋው ሰልፍን ምን እንደሚል ጠይቁና በሰሌዳ ላይ ጻፉት። እንግሊዝኛው የማይገባው ልጅ እንኳ በራሱ ቋንቋ የሚያስተምረው ነገር ያገኛል።

ኪው በኮምፒውተር ውስጥ

የኮምፒውተር ትምህርት የጀመራችሁ ተማሪዎች ቃሉን እዚያም ታገኙታላችሁ። አራት ሰው ለአንድ ማተሚያ ማሽን ፋይል ቢልክ ማሽኑ ሁሉንም ባንዴ አያትምም፤ በመጡበት ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ይህ «ፕሪንት ኪው» ይባላል። ሕጉ አጭር ነው፦ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።

የዚህ ተቃራኒ «ስታክ» ይባላል፤ ቁልል ማለት ነው። በቁልል ሕጉ ይገለበጣል፤ መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ምሳሌው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አለ። ተማሪዎች የቤት ሥራ ደብተራቸውን አንዱ ባንዱ ላይ ሲከምሩ መጀመሪያ ያስረከበው ጎበዝ ልጅ ደብተሩ ከታች ይሆናል። መምህሩ ከላይ እያነሳ ካረመ ዘግይቶ ያመጣው ቀድሞ ይታረምለታል፤ ቀድሞ ያመጣው መጨረሻ። ቁልሉን አንዴ መገልበጥ ስታኩን ኪው ያደርገዋል። ቀላል ነገር ነው፤ ለልጁ ግን ፍትሕ ነው።

የሰልፍ ሒሳብ

ስለ ሰልፍ የሚያጠና የሒሳብ ትምህርት እንዳለ ታውቃላችሁ? «ኪውይንግ ቲዮሪ» ይባላል። መሠረቱን የጣለው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ «ስንት የስልክ መስመር ቢኖር ደዋዩ ብዙ አይጠብቅም?» ብሎ ጠየቀ፤ የመጀመሪያ ጽሑፉንም በ1909 አወጣ። በ1961 ደግሞ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በስሙ የሚጠራውን ሕግ አረጋገጠ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ በሰልፉ ላይ ያለው አማካይ የሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚመጣው ሰው ብዛት ሲባዛ አንድ ሰው በአማካይ በሚቆይበት ሰዓት ነው። በሰዓት 20 ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ በሰልፉ ላይ በአማካይ 10 ሰው ይኖራል ማለት ነው።

ይህን ወደ ቦኖው እናምጣው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ መጽሐፍ በ2018 እትሙ ለውሃ የሚያስቀምጣቸው መለኪያዎች አሉ፦ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለአንድ የቧንቧ አፍ ከ250 ሰው ያልበለጠ፣ በሰልፍ የሚጠፋ ጊዜ ከ30 ደቂቃ ያነሰ። ለቧንቧው ስሌት የተወሰደው የውሃ ፍጥነት በደቂቃ 7.5 ሊትር ነው።

አሁን አስሉ። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን በዚህ ፍጥነት ለመሙላት 20 ሲካፈል ለ7.5 ይሆናል፤ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ከፊታችሁ 45 ጄሪካን ተደርድሮ ካገኛችሁ ሁለት ሰዓት ትቆማላችሁ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚሞላው ደግሞ 11 ጄሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቧንቧ ከ11 ጄሪካን በላይ ዘወትር የሚደረደር ከሆነ መለኪያው አልተሟላም ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? በብዙ ቤት ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የሁለት ሰዓት ሰልፍ ማለት የጠዋቱ የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። አርፍዳ የመጣችን ተማሪ በር ላይ ከማስቀረት በፊት መምህሩ «ዛሬ ከፊትሽ ስንት ጄሪካን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ተማሪዎችም ለአንድ ሳምንት ጄሪካኖቹን ቆጥረው፣ የሚሞላበትን ጊዜ በሰዓት ለክተው በደብተር ቢይዙ፣ የሒሳብ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የውሃ ኮሚቴው ለሚመለከተው ቢሮ የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆናል። «ሰልፉ ረጅም ነው» ከሚል አቤቱታ «በአማካይ 38 ጄሪካን፣ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ» የሚል ወረቀት የበለጠ ይሰማል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሁለት ቧንቧ ካለ ሁለት ሰልፍ ከማድረግ አንድ ሰልፍ ሠርቶ ፊት ያለው ሰው ወደ ተለቀቀው ቧንቧ ቢሄድ ይሻላል። አሥር ጄሪካን ካመጣ ሰው ኋላ ተጣብቆ የሚቀር አይኖርም፤ «ያኛው ሰልፍ ፈጠነ» የሚል ጠብም ይቀራል።

«ሰልፍ ጣሽ» የሚለው ስድብ

አሁን ወደ ከባዱ ትርጉም መጣን። «ኪው ጃምፐር» ሰልፍ ጥሶ የሚገባ ሰው ነው። በቦኖ ላይ ስድብ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ይህ ቃል በስደተኞች ላይ የፖለቲካ ስድብ ሆኖ ቆይቷል። በአውስትራሊያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀልባ መጥተው ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎችን ፖለቲከኞችና ጋዜጦች «ኪው ጃምፐርስ» ሲሏቸው ኖረዋል። በነሐሴ 2001 ታምፓ የምትባል የኖርዌይ መርከብ ከ400 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ አፍጋናውያን፣ ከምትሰምጥ ጀልባ አድና ወደ አውስትራሊያ ብታመራ መንግሥት አላስገባም አለ። ያኔም ቃሉ በሰው አፍ ላይ ነበር።

ቃሉ የሚያስነሳው ጥያቄ «ለመሆኑ የተጣሰው ሰልፍ የት ነው?» የሚል ነው። ከሞት ለሚሸሽ ሰው በየከተማው በር የተሠራ ሰልፍ የለም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ ከተሰጋበት ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ፣ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ቀርቦ በቂ ምክንያቱን እስካስረዳ ድረስ፣ ያለፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይደነግጋል።

በካምፕም ውስጥ ይህ ቃል ሰው ያጣላል። «እኔ ከሱ በፊት ነው የመጣሁት፤ እሱ ግን አሜሪካ ሄደ» ሲባል እንሰማለን። ሪሴትልመንትን እንደ ቦኖ ሰልፍ ካሰብነው መናደዳችን አይቀርም። ነገር ግን ሪሴትልመንት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚሄድበት ኪው አይደለም። ዩኤንኤችሲአር ኬዝ የሚያቀርበው በፍላጎት መመዘኛ ነው፦ የሕግና የአካል ጥበቃ የሚያስፈልገው፣ ግፍና ሥቃይ የደረሰበት፣ እዚህ ሊገኝ የማይችል ሕክምና የሚያሻው፣ አደጋ ላይ ያሉ ሴቶችና ልጃገረዶች፣ አደጋ ላይ ያሉ ሕፃናትና ወጣቶች፣ ከቤተሰብ የተለየ፣ ሌላ ዘላቂ መፍትሔ የማይታይለት። የመጨረሻው ውሳኔ የተቀባዩ አገር ነው። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች በዓመት በዚህ መንገድ የሚሄዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ «ፕሮሰሴ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚለው ጥያቄ የወረፋ ጥያቄ አይመስላችሁ። «ወረፋህን አስቀድምልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም እወቁበት፤ የሚሸጥላችሁ የሌለ ሰልፍ ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው።

በሌላ በኩል ቀድሞ የመጣ ይቅደም የሚለው ሕግ ራሱ ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ጥርሱን ሊያሳይ ቀድሞ የመጣ ጎረምሳን አይጠብቅም። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ፊት ቢገባ ሰልፍ ጣሰ አይባልም። በኮምፒውተርም ይህ የታወቀ ነው፤ «ፕራዮሪቲ ኪው» ይባላል፤ አስቸኳይ የሆነው የሚቀድምበት ሰልፍ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሰልፍ ጣሽ ሕጉን ለራሱ ብሎ ይጥሳል፤ ቅድሚያ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነው።

መልመጃ

መምህራን በሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ብታሠሩ ጥሩ ነው።

1. «ወረፋዬ ደረሰ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?
2. አሜሪካዊ ሰው «ጃምፕ ዘ ኪው» በማለት ፈንታ ምን ይላል?
3. የሰልፉ ኪውና የፑሉ ኪው በአጻጻፍ በምን ይለያያሉ?
4. አንድ ቧንቧ በደቂቃ 5 ሊትር ብቻ ቢሰጥ ከፊታችሁ 15 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ካለ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ?
5. የሚከተሉት ኪው ናቸው ወይስ ስታክ? (ሀ) ታጥቦ የተደራረበ ሰሃን፣ (ለ) ከማተሚያ ማሽን የሚጠብቁ ፋይሎች።

መልስ፦ 1. ኢት ኢዝ ማይ ተርን። 2. ካት ኢን ላይን። 3. የሰልፉ በአምስት ፊደል፣ የፑሉ በሦስት ፊደል ይጻፋል። 4. አንዱ ጄሪካን 4 ደቂቃ ስለሚወስድ 60 ደቂቃ። 5. (ሀ) ስታክ፣ (ለ) ኪው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከአንበሳ ጭራ ተነስተን በፀጉር ጉንጉን፣ በፓሪስ ዳቦ ቤትና በስልክ መስመር አልፈን ቦኖው ደርሰናል። ነገ ጠዋት ስትሰለፉ ከፊታችሁ ያለውን ጄሪካን ቁጠሩ፤ ለሚጠይቃችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እህትም አምስቱን ፊደል አስቆጥሩት። ደብተር ይዞ የሚሰለፍ ሰው ጊዜው ሁሉ በከንቱ አያልፍም። መልካም ጥናት።